ሶላር ኢንቨርተሩ ሲነሳ አጭር ሞገድ ይዋጣል፤ ፌራይቱ የት ይግባ?

ሞገድ አድማጭ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ዕቃው 5 ኪሎዋት ሃይብሪድ (ከፓኔልም ከባትሪም የሚሠራ) ኢንቨርተር ነው፣ ትራንስፎርመር የሌለው ዓይነት። ጣሪያው ላይ በሁለት መስመር 8፣ 8 ፓኔል አለ። ከፓኔሎቹ እስከ ኢንቨርተሩ ያለው ኬብል 10 ሜትር ገደማ ሲሆን ውፍረቱ 4 ሚሊ ሜትር ካሬ ነው። ባትሪው 48 ቮልት ሊቲየም ነው፤ ከኢንቨርተሩ ጋር በኔትወርክ ኬብል ይነጋገራል።

ጠዋት ሪሌው «ጣ» ብሎ እንደዘጋ ከ3 እስከ 12 ሜጋኸርዝ ያለው ሁሉ በፉጨትና በሹሹታ ይሞላል። 49 ሜትርና 41 ሜትር ባንድ ላይ ደካማ ጣቢያ ጨርሶ አይሰማም። ጣቢያ በሌለበት ቦታ ኤስ 2 የነበረው የሲግናል መለኪያ ኤስ 8 ላይ ይቆማል። መካከለኛ ሞገድ ላይ ደግሞ በየ18 ኪሎኸርዙ እያበጠ የሚመጣ ጉምጉምታ አለ። ደመና ሲያልፍ ፉጨቱ ይንሸራተታል። ኤፍ ኤም ምንም አልሆነም። አንቴናው 20 ሜትር ሽቦ ነው፤ የቅርቡ ጫፍ ከፓኔሎቹ 6 ሜትር ይርቃል።

የምጠይቀው፦ ተከፍቶ የሚገጠም ክሊፕ ፌራይት (በገመድ የሚወጣ የሬዲዮ ጫጫታን የሚያፍን ማግኔታዊ ቁስ) ፖዘቲቩ ሽቦ ላይ ባስር ይበቃል? ወይስ ዋናው ኤሲው (የቤቱ መብራት መስመር) በኩል ነው? የፓኔሎቹን ፍሬም ግራውንድ ማድረግስ ጫጫታውን ይቀንሰዋል?

ቮልት ቆጣሪ

ፌራይት ከመግዛትዎ በፊት ጫጫታው በየትኛው ገመድ እንደሚወጣ ይለዩ፤ አለዚያ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው።

ሃይብሪድ ኢንቨርተር አንድ ምንጭ አይደለም። ሳጥኑ ውስጥ ስዊች የሚያደርጉ (ከረንቱን በፍጥነት የሚያበሩና የሚያጠፉ) ቢያንስ ሦስት ክፍሎች አሉ፦ የፓኔሉን ቮልቴጅ የሚያስተካክለው ኤምፒፒቲ፣ ባትሪውን የሚሞላውና የሚያወርደው ክፍል፣ ዲሲውን (የፓኔሉንና የባትሪውን ባለአንድ አቅጣጫ ከረንት) ወደ ኤሲ የሚቀይረው ክፍል። ሦስቱም በየራሳቸው ኬብል ወደ ውጭ ይጮኻሉ።

መለያው ቀላል ነው። ሬዲዮውን በባትሪ ያስነሱት፤ ቻርጀሩ ከተሰካ የራሱ ጫጫታ ያሳስትዎታል። 6.5 ሜጋኸርዝ አካባቢ ባዶ ቦታ ይፈልጉና መለኪያውን አንብበው ይጻፉ። ፀሐይ እያለ ኢንቨርተሩን ሳያጠፉ የፓኔሉን ዲሲ ስዊች ብቻ ይዝጉ፤ ቤቱ በባትሪ ይቀጥላል። ንባቡ ከወደቀ ጥፋተኛው ኤምፒፒቲውና የፓኔሉ ኬብል ነው። ካልወደቀ ወይም ትንሽ ብቻ ከቀነሰ፣ የቀረው በባትሪው ወይም በኤሲው በኩል ነው። ይህኛው ሌሊትም ይኖራል፤ ሌሊት መስማት ራሱ ግማሽ መልስ ነው። በመጨረሻ ሁሉንም ያጥፉ። ሁሉም ጠፍቶ ጫጫታው ካለ ኢንቨርተሩን ያለ ጥፋቱ ከሰውታል፤ የኤልኢዲ መብራት፣ የስልክ ቻርጀርና የቴሌቪዥን ሪሲቨር አንድ በአንድ ይነቀሉ።

ገመዱን በትክክል ለመለየት ትንሽ የኪስ ሬዲዮ ይበቃል። መካከለኛ ሞገድ ላይ ባዶ ቦታ ይዘው ከእያንዳንዱ ኬብል 5 ሴንቲ ሜትር ያህል አጠገብ ያቅርቡት። ውስጡ ያለው የፌራይት ዘንግ ለኬብሉ ተሻጋሪ ሲሆን በኃይል ይሰማል፣ ትይዩ ሲሆን ይቀንሳል። ስለዚህ ኬብሎቹን ሲያነጻጽሩ አያያዝዎን አይቀይሩ።

የ18 ኪሎኸርዙ እብጠት የሚነግርዎት ነገር አለ፤ ስዊች የሚያደርግበት ፍሪኩዌንሲ እሱ ነው ማለት ነው። 7 ሜጋኸርዝ ላይ የሚሰሙት የዚሁ 389ኛ ሃርሞኒክ (ብዜት) ነው። መሠረቱ በሙቀት ወይም በጭነት 10 ኸርዝ ብቻ ቢንቀሳቀስ እላይ 3.9 ኪሎኸርዝ ይንሸራተታል። ደመና ሲያልፍ የሚሰሙት ይህንኑ ነው። ኤፍ ኤም የዳነው ሃርሞኒኮቹ እዚያ ሲደርሱ ስለሚደክሙና ኤፍ ኤም ሪሲቨር በባሕርይው የሲግናል ጥንካሬ ለውጥን ስለማይሰማ ነው።

ሽቦ ጠምዛዥ

ወንድሜ፣ ፖዘቲቩን ብቻ ማሰር ገንዘብ መጣል ነው። በአንድ ሽቦ ብቻ የሚያልፍ 10 አምፔር ዲሲ ፌራይቱን ያጠግበዋል፤ የጠገበ ፌራይት ደግሞ እንደሌለ ቁጠረው። ፖዘቲቩንና ኔጌቲቩን አንድ ላይ ስታሳልፍ የሚሄደውና የሚመለሰው ዲሲ እርስ በርሱ ይጠፋፋል። ፌራይቱ የሚያየው በሁለቱም ሽቦ ባንድ አቅጣጫ የሚወጣውን የሬዲዮ ከረንት ብቻ ይሆናል። ኮመን ሞድ የሚባለው ይህ ነው፤ አንቴና ሆኖ የሚረጨውም እሱ ነው።

የት ይሄዳል ካልክ፣ ወደ ጣሪያው። ከፓኔሉ ሴል እስከ አሉሚኒየም ፍሬሙ ያለው ካፓሲታንስ (ቻርጅ የመያዝ አቅም) በኪሎዋት ከ50 እስከ 150 ናኖፋራድ አካባቢ ነው፤ መስታወቱ ሲረጥብ ይጨምራል። ለ5 ኪሎዋት 500 ናኖፋራድ ብንይዝ 1 ሜጋኸርዝ ላይ 0.3 ኦም ነው፤ በሬዲዮ ዓይን ሴሉና ፍሬሙ አንድ ናቸው። ያንተ 10 ሜትር ኬብል ደግሞ ለ7.5 ሜጋኸርዝ ልክ ሩብ ሞገድ ነው። ሳታስበው ጥሩ ማሰራጫ ሠርተሃል።

መፍትሔው ኢንቨርተሩ ሥር፣ ከተርሚናሉ 20 ሴንቲ ሜትር ሳይርቅ፣ መንገዱን በኢምፒዳንስ (የሬዲዮ ከረንትን በሚከለክል ተቃውሞ) መዝጋት ነው። ጣሪያው ጫፍ ላይ ብታስር ኬብሉ አሁንም ከሳጥኑ እስከ ጣሪያ ይረጫል።

ፌራይት ሁሉ ጥቁር ግራጫ ስለሆነ በዓይን አይለይም፤ የቁሱን ቁጥር ጠይቀህ ግዛ። ከ1 እስከ 30 ሜጋኸርዝ ቁጥር 31 ነው። ቁጥር 43 ከፍ ላለው አጭር ሞገድና ከዚያ በላይ ይሻላል። ቁጥር 75ና 77 ለመካከለኛ ሞገድና ከዚያ በታች ናቸው። ከአሮጌ የኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይ የሚወጣውን ቢጫና ነጭ ቀለበት አትልፋበት፤ የብረት ዱቄት ነው፣ ለዚህ ሥራ አይሆንም።

መጠኑ ውጩ 61፣ ውስጡ 35.5፣ ውፍረቱ 12.7 ሚሊ ሜትር የሆነው ቀለበት ይመቻል። የፓኔል ኬብል ውጪያዊ ውፍረቱ 6 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ በአንድ ረድፍ ውስጡ 15 ጊዜ ያልፋል፣ ማለትም ጥንዱ 7 ዙር። አንድ ጊዜ በቀዳዳው ማለፍ አንድ ዙር ነው፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል።

ኢምፒዳንሱ በዙሩ ካሬ ያድጋል፣ በቀለበቱ ብዛት ግን በቀጥታ ብቻ። አንድ ትልቅ ክሊፕ አንዴ ብቻ ሲታለፍበት 10 ሜጋኸርዝ ላይ 100 ኦም ቢሰጥህ ነው። አሥር ክሊፕ ብትደረድር 1000 ትደርሳለህ። አንድ ቀለበት በ7 ዙር ያንን ያልፈዋል፤ ሁለት ቀለበት ደርበህ ብትጠመዝዝ እጥፉን ታገኛለህ። ከ1000 ኦም በታች ያለው ብዙም ለውጥ አያመጣም፣ 3000 አካባቢ ሲሆን ደስ ይላል። ለመካከለኛ ሞገድ ዙሩን ወደ 12 እና 14 ከፍ ማድረግ ወይም ለብቻው ባለ 75 ቀለበት በተከታታይ ማስገባት ነው። በተቃራኒው ከ14 ሜጋኸርዝ በላይ ለሚያስቸግር 4 ወይም 5 ዙር ይበቃል። ዙር ሲበዛ በዙሮቹ መካከል ያለው ካፓሲታንስ ላይኛውን ፍሪኩዌንሲ ያሾልከዋል፤ የመጀመሪያውና የመጨረሻው ዙር አይነካኩ።

ለሁለቱ መስመር ሁለት የተለያዩ ቾክ (ኬብል የተጠመዘዘበት ቀለበት) አድርግ። ከአንድ ሰዓት ሥራ በኋላ ቀለበቱን ንካው። እጅ የሚያቃጥል ከሆነ ቾኩ አንሷል ማለት ነው፤ ተጨማሪ ቀለበት ደርብበት።

የጣሪያ ሠራተኛ

ሽቦ ጠምዛዥ ባለው ሁሉ እስማማለሁ፣ በአንዱ ግን አይደለም። የፓኔል ኬብል ቀለበት ላይ ተጣብቆ እንዲጠመዘዝ አይመከርም። አብዛኛው ኬብል ከውፍረቱ 4 እጥፍ በታች በሆነ ራዲየስ መታጠፍ የለበትም፤ ይኸውም 24 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። ላላ ያለ፣ ሰፋ ያለ ዙር አድርጉት። ለፌራይቱ የሚቆጠረው በቀዳዳው ስንት ጊዜ እንደታለፈ እንጂ ዙሩ መጥበቡ አይደለም። 7 ላላ ዙር ወደ 1.5 ሜትር ይበላል፤ 2 ሜትር ጥንድ ኬብል ቁረጡ።

የተገጠመውን ኬብል አትቁረጡ። በሁለቱም ጫፍ ኤምሲ 4 (የፓኔል ኬብል መሰኪያ) ያለው ተጨማሪ ኬብል ሠርታችሁ፣ ቀለበቱ ላይ ጠምዝዛችሁ፣ በነበረው ኬብልና በኢንቨርተሩ መካከል ሰኩት። የሚገጣጠሙት ወንዴና ሴቴ ከአንድ አምራች ይሁኑ። ሲሰካ «ቀጭ» ስላለ ብቻ የተለያየ አምራች ማገናኘት ግለትና እሳት ያመጣል። ክሪምፑም (መሰኪያውን በሽቦው ላይ መጭመቁ) በራሱ መሣሪያ እንጂ በፒንሳ አይሠራም።

ቅደም ተከተሉን እጽፋለሁ፤ ይህ ሊዘለል የማይገባ ነው። መጀመሪያ የኤሲ ጭነቱ ይጥፋ፣ ቀጥሎ የፓኔሉ ዲሲ ስዊች፣ ቀጥሎ የባትሪው ብሬከር። ከዚያ መመሪያው ላይ የተጻፈውን ያህል ደቂቃ መጠበቅ ነው፤ ካፓሲተሮቹ እስኪወርዱ። ኤምሲ 4 ከረንት እያለፈበት ከተነቀለ የዲሲ ቅስት ይነሳል፤ ዲሲ እንደ ኤሲ በየግማሽ ዑደቱ ዜሮ ስለማይነካ ቅስቱ በራሱ አይጠፋም። ስዊቹ ከተዘጋም በኋላ ከፓኔሉ የሚመጣው ጫፍ ፀሐይ እስካለ ድረስ ሕያው ነው። 8 ፓኔል በየአንዳንዱ 50 ቮልት ቢይዝ 400 ቮልት ዲሲ በእጃችሁ ነው ማለት ነው። ለዚህ ቮልቴጅ የተሠራ መለኪያ ከሌላችሁ ለሚችል ሰው ስጡት።

ቀለበት ከመግዛት በፊት የሚታይ ነገር ደግሞ የጣሪያው ሽቦ አሄድ ነው። ፖዘቲቩ በጣሪያው በአንድ ጎን፣ ኔጌቲቩ በሌላው ጎን ዞሮ ከወረደ፣ መሃሉ ላይ ያለው ስፋት በሙሉ ትልቅ ሉፕ አንቴና ነው። ፌራይት ይህን አያድነውም፣ ምክንያቱም ይህ ኮመን ሞድ አይደለም። መመለሻውን ከሄደው ጎን ለጎን አምጥታችሁ በየ30 ሴንቲ ሜትሩ እሰሩት። ብዙ ጊዜ ይህ የጥቂት ሜትር ኬብል ሥራ ነው።

ፍሬሙን ግራውንድ ማድረግ ለሰው ደኅንነት ግዴታ ነው፤ ለጫጫታ ግን ተስፋ አታድርጉበት። አንድ ሜትር ሽቦ ወደ 1 ማይክሮ ሄንሪ ኢንዳክታንስ አለው፣ 7 ሜጋኸርዝ ላይ 44 ኦም ነው። 10 ሜትር ርቆ የተተከለ ዘንግ ለሬዲዮ ከረንት ከመኖሩ አለመኖሩ አይለይም። እንዲያውም ሽቦው ራሱ ተጨማሪ አንቴና የሚሆንበት ጊዜ አለ።

ሞገድ አድማጭ (ጠያቂ)

ተባረኩ። ፈተናውን በተባለው መሠረት አደረግኩት። የፓኔል ስዊቹ ሲዘጋ ኤስ 8 ወደ ኤስ 5 ወረደ፤ ሁሉም ሲጠፋ ኤስ 2። ስለዚህ ዋናው የፓኔሉ በኩል ነው፣ ግን ብቻውን አይደለም። በኪስ ሬዲዮ ስዞር ከባትሪው ወፍራም ኬብል ይልቅ ቀጭኑ የኔትወርክ ኬብል ይበልጥ ይጮኻል፤ ይህ ይሆናል? ኤሲው ላይስ የተዘጋጀ ፊልተር ልግጠም?

ዲሲቤል

በደንብ ለይተኸዋል። አንድ ኤስ 6 ዲሲቤል (የሲግናል ጥንካሬ ልዩነት መለኪያ) ስለሆነ፣ የፓኔሉ ስዊች ሲዘጋ የጠፋው 18 ዲሲቤል ነው። የቀረውም 18 ነው።

ብዙ ሰው «ዕቃው ደረጃውን አልፏል፣ እንዴት ይጮኻል?» ይላል። ሲስፕር 11 (የዕቃዎችን የሬዲዮ ጫጫታ የሚገድበው ዓለም አቀፍ ደረጃ) ክላስ ቢ፣ ለመኖሪያ ቤት የሚሠራው ደረጃ፣ ከ0.5 እስከ 5 ሜጋኸርዝ በኤሲው ተርሚናል 56 ዲሲቤል ማይክሮቮልት ይፈቅዳል። በዲሲው ተርሚናል ግን 74። ልዩነቱ 18 ዲሲቤል ነው፣ በቮልቴጅ 8 እጥፍ። የዲሲው ገደብ ራሱ የገባው በ2015 እትም ነው። ከ30 ሜጋኸርዝ በታች ደግሞ የሚለካው ተርሚናሉ ላይ ያለው እንጂ ጣሪያህ ላይ ያለው ኬብል የሚረጨው አይደለም። ደረጃውን ያለፈ ዕቃ ጸጥ ያለ ዕቃ ማለት አይደለም፤ ክላስ ኤ የተጻፈበትን ግን ለቤት ባትገዛው ይሻላል።

የኤሲ ፊልተር ይረዳል፣ በሁለት ነገር ከተጠነቀቅክ። አንደኛ አምፔሩ፦ 5 ኪሎዋት በ230 ቮልት 21.7 አምፔር ስለሆነ 30 አምፔር የሚለውን ያዝ፤ 20 የሚለው ይግላል፣ ኮሩም ይጠግባል። ሁለተኛ ግራውንዱ፦ ውስጡ ከፌዝና ከኒውትራል ወደ ቆርቆሮው የተሳሰሩ ዋይ ካፓሲተሮች አሉ። 4.7 ናኖፋራድ በ230 ቮልት፣ 50 ኸርዝ 0.34 ሚሊ አምፔር ያፈሳል። ይህ ብቻውን ብሬከር አይጥልም፤ ኢንቨርተሩና ሌሎች ዕቃዎች ከሚያፈሱት ጋር ተደምሮ ግን 30 ሚሊ አምፔር የፍሳሽ ብሬከር ያለ ምክንያት ሲወድቅ ልታይ ትችላለህ። ግራውንዱ ከተበጠሰ ደግሞ ካፓሲተሮቹ ቮልቴጁን ለሁለት ይከፍሉትና ቆርቆሮው 115 ቮልት ገደማ ይይዛል፤ ሲነኩት ይነዝራል።

ፊልተሩን ቀለሙ የተፋቀ ብረት ላይ በሙሉ ጀርባው አጣብቀህ እሰረው። ገቢውና ወጪው ሽቦ ባንድ ቱቦ ከሄዱ ጫጫታው ፊልተሩን ዘሎ ይሻገራል። እኔ ብሆን መጀመሪያ ፌዝ፣ ኒውትራልና ግራውንድ ሦስቱንም አንድ ላይ በቀለበት 5 ዙር አሳልፌ ውጤቱን አይ ነበር። ግራውንዱን ውጭ ከተውከው ጫጫታው በእሱ ይወጣል።

ዲሲው ላይ ከሽቦ ወደ ግራውንድ ካፓሲተር እንዲታሰር የሚመክር ካጋጠመህ አትስማ። ትራንስፎርመር የሌለው ኢንቨርተር የፍሳሽ ከረንትን ራሱ ይቆጣጠራል፤ 30 ሚሊ አምፔር ድንገተኛ ጭማሪ ካየ ይዘጋል። በየፓኔሉ መዝጊያ መሣሪያ ያላቸው ሲስተሞች ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። አንዳንዶቹ በ131.25 እና 143.75 ኪሎኸርዝ «በሥራ ላይ ነኝ» የሚል ሲግናል በዲሲ ሽቦው ይልካሉ፤ በሁለቱ ሽቦዎች መካከል ካፓሲተር ከገባ ሲግናሉ ይታፈንና ፓኔሎቹ ይዘጋሉ። ጥንዱን አንድ ላይ የያዘ ቀለበት ግን ይህን ሲግናል ብዙም አይነካውም። ኦፕቲማይዘር (በየፓኔሉ የሚገጠም የኃይል ማስተካከያ) ካለ ምንጩ እየአንዳንዱ ፓኔል ሥር ስለሆነ ኢንቨርተሩ ጋ ያለ ቾክ ብቻውን አይበቃም።

አንቴናውንም አትርሳ። 6 ሜትር በጣም ቅርብ ነው። 7 ሜጋኸርዝ ላይ ቅርብ መስክ የሚባለው እስከ 6.8 ሜትር ነው፣ 1 ሜጋኸርዝ ላይ እስከ 48 ሜትር። በዚህ ክልል ውስጥ ከትንሽ ምንጭ ርቀቱን እጥፍ ማድረግ እስከ 18 ዲሲቤል ሊያተርፍ ይችላል፤ ጣሪያ ሙሉ ፓኔል ትንሽ ምንጭ ስላልሆነ ያንን ያህል አትጠብቅ፣ ቢሆንም 15 ሜትር ማራቅ ይሰማል። ከአንቴናው ወደ ሬዲዮው የሚወርደው ኮአክሲያል ከሆነ ቁጥር 31 ቀለበት ላይ 10 ወይም 12 ዙር አድርገው፤ አለዚያ የኬብሉ ውጪያዊ የብረት ሽፋን የቤቱን ጫጫታ ወደ ሬዲዮው ይጎትታል።

ሽቦ ጠምዛዥ

የኔትወርክ ኬብሉን በተመለከተ፦ አዎ፣ ይሆናል። ኮመን ሞድ ከረንት የገመዱን ውፍረት አይጠይቅም፣ ከሳጥኑ የሚወጣ ብረት ሁሉ ይበቃዋል። ብዙ ሰው ወፍራሙን ሲያስር ቀጭኑን ይረሳል። መሰኪያው በ35 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ በቀላሉ ያልፋል፤ ከነመሰኪያው 8 ወይም 10 ዙር አድርገው፣ ኢንቨርተሩ አጠገብ። የከረንት መለኪያ ሲቲ ሽቦና የዋይፋይ መሣሪያው ኬብል ካለም እንዲሁ። የባትሪው ኬብል ግን አይጠመዘዝም፤ ፖዘቲቭና ኔጌቲቩን አጣብቀህ እሰርና ሦስት ወይም አራት ቀለበት በላያቸው አንዴ ብቻ አሳልፍ። የኬብል ጫማው ካላለፈ ትልቁ ክሊፕ አለ፤ ሁለቱ ግማሾች ያለ ክፍተት መግጠማቸውን እይ፣ ፀጉር የምታህል ክፍተት አቅሙን ትበላዋለች።

አንድ ነገር ልብ በል። ሁለት ገመዶች እኩል እያፈሰሱ አንዱን ብትዘጋ መለኪያው የሚወርደው 3 ዲሲቤል፣ ግማሽ ኤስ ነው። ሰው እዚህ ላይ «ፌራይቱ አይሠራም» ብሎ ፈቶ ወደ ሌላው ገመድ ይወስደዋል፣ እዚያም ያው 3 ዲሲቤል ያገኛል። የገባው ቀለበት ባለበት ይቆይ፣ ቀጣዩን ጨምርበት፣ ከእያንዳንዱ በኋላ እዚያው 6.5 ሜጋኸርዝ ላይ አንብበህ ጻፍ።